የከሸፈ ጥይት፦ ያላበቃ አደጋ

አዲስ አበባ፦ ጥይት ጎርሶ፣ ዒላማ ተይዞ፣ ቃታ ተስቦ ተኩሱ ሳይወጣ ሲቀር “ከሸፈ” ይባላል። ቃሉ ዛሬ ላልተሳካ ዕቅድና መና ለቀረ ድካም ሁሉ ይውላል። ጥይትን በሚመለከት ግን መክሸፍ ማለት ማብቃት አይደለም። ባሩዱ በቀለሁ ውስጥ እንዳለ ነው፤ እርሳሱም ከቦታው አልተነቃነቀም። የጎደለው ብልጭታው ብቻ ነው። ብልጭታው ደግሞ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ወይም ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ጉዳዩ የጦር ሜዳ ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ከመሀል አዲስ አበባ መውጣት አያስፈልግም። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በመስቀል ፍላወርና በካዛንቺስ ጎዳናዎች የሚያልፍ ሰው በየባንኩና በየሆቴሉ በር ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ያያል። በአካባቢው ለረጅም ዘመን የቆዩ ቤቶች ሲፈርሱና ቤተሰብ ዕቃውን ሲያነሣ፣ ከአያት ወይም ከአባት የቀረ ዝናር ከሣጥን ሥር ሊወጣ ይችላል። በገጠሩ ደግሞ ጠመንጃ በየቤቱ የሚገኝበት አካባቢ ብዙ ነው፤ ጥይቱም ከመሣሪያው ጋር አብሮ ያረጃል።

በዒላማ ተኩስ ክበቦችና በመለማመጃ ሜዳዎች የከሸፈ ጥይት የሚያዝበት ሥርዓት የታወቀና የተጻፈ ነው። ያ ሥርዓት ከሜዳው ውጭ ጥይት ለሚይዝ ሁሉ፣ ለጥበቃ ሠራተኛውም ለአርሶ አደሩም፣ ይጠቅማል።

ጥይት ለምን ይከሽፋል?

አንድ ጥይት አራት ነገሮችን ይይዛል፤ ቀለህ፣ ባሩድ፣ እርሳስና በቀለሁ መቀመጫ መሀል ላይ ያለች ካፕሱል። ቃታው ሲሳብ መቺው መርፌ ካፕሱሏን ይመታል። በውስጧ ያለው፣ በምት የሚቀጣጠል ቅመም ብልጭ ይልና ባሩዱን ያነድዳል። የባሩዱ ጋዝ እርሳሱን ገፍቶ በአፈሙዝ ያስወጣዋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው።

ከሰንሰለቱ አንዱ ሲበጠስ ጥይቱ ይከሽፋል። ምክንያቱ ከመሣሪያው ሊሆን ይችላል፤ መርፌው አልቋል ወይም ተሰብሯል፣ ሞላው ደክሟል፣ ቆሻሻና የደረቀ ቅባት መርፌውን ይዞታል፣ ወይም ጥይቱ በሚገባ አልጎረሰም። ምክንያቱ ከጥይቱም ሊሆን ይችላል፤ ካፕሱሏ እርጥበት ወይም ዘይት ገብቶባታል፣ ወይም ባሩዱ በሙቀትና በዕድሜ ተበላሽቷል።

የከሸፈውን ጥይት መቀመጫ በማየት ምክንያቱን መገመት ይቻላል። በካፕሱሏ ላይ ያለው የመርፌ ምልክት ጥልቅ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ምልክቱ ከሌለ ወይም ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ግን መሣሪያው መመርመር አለበት። ይህ ምርመራ የሚካሄደው ጥይቱ በደኅና ከወጣ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ለማየት መቸኮል ራሱ አደጋ ነው።

ሦስት ዓይነት ክሽፈት

ቃታ ተስቦ የተለመደው ድምፅ ካልተሰማ ሦስት ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ተኳሹም የትኛው እንደሆነ በዚያች ቅጽበት አያውቅም።

የመጀመሪያው ፍጹም ክሽፈት ነው። መርፌው መታ፤ ካፕሱሏ ግን ፈጽሞ አልተቀጣጠለችም።

ሁለተኛው የዘገየ ተኩስ ነው። ካፕሱሏ በደካማ ሁኔታ ተቀጣጥላ ባሩዱ ቀስ ብሎ መያዝ ይጀምራል። ከቆይታ በኋላ ተኩሱ በሙሉ ኃይሉ ይወጣል። በዚያች ቅጽበት ተኳሹ “ምን ሆነ?” ብሎ አፈሙዙን ወደ ጎን ካዞረ ወይም መሣሪያውን ከከፈተ አደጋው በራሱ ወይም አጠገቡ በቆመው ሰው ላይ ይደርሳል። በዘመናዊ ጥይት ይህ ብዙ ጊዜ አይከሰትም፤ ባረጀና እርጥበት ባገኘው ጥይት ግን ይጠበቃል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚታለልበት ነው። ድምፁ ደከም ይላል፤ ሰደፉም ትከሻን እንደ ወትሮው አይመታም። ይህ የሚሆነው ባሩዱ ጥቂት ሆኖ ወይም ሳይነድ ቀርቶ እርሳሱን በጠመንጃው ቱቦ መሀል ሲተወው ነው። ተኳሹ ሳያስተውል ሌላ ጥይት አጉርሶ ቢተኩስ ሁለተኛው እርሳስ ከተወተፈው ጋር ይጋጫል፤ ቱቦው ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ድምፁ የተለየ ተኩስ ከተሰማ ተኩስ ማቆም እንጂ መድገም አይገባም።

በተኩስ ሜዳ የሚደረገው

ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ፣ ሥርዓቱ የሚጀምረው ከሁሉ የከፋው እንደሆነ በመቁጠር ነው።

መጀመሪያ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደ ዞረ ይቆያል፤ ወደ ላይ አይነሣም፣ ወደ ጎን አይዞርም፣ ወደ እግርም አይወርድም። ጣት ከቃታ ይወጣል። ተኳሹ እጁን በማንሣት ወይም በድምፅ ለሜዳው ኃላፊ ያሳውቃል።

ቀጥሎ ይጠበቃል። በብዙ ክበቦች የተለመደው ቢያንስ 30 ሰከንድ ነው፤ ባረጀ ጥይት ላይ 60 ሰከንድና ከዚያም በላይ የሚጠብቁ አሉ። ሰከንዶቹ ረጅም ይመስላሉ፤ ያልጠበቀ ሰው ከሚከፍለው ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ ግን ምንም አይደሉም።

ብዙ ከመተኮሱ የተነሣ መሣሪያው የጋለ ከሆነ ጉዳዩ ይለያል። የጎረሰው ጥይት ከግለቱ ብዛት ማንም ቃታ ሳይስብ ሊተኩስ ይችላል። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ወደ ዒላማው እንደ ዞረ፣ ሰው ሁሉ ከአጠገቡ ርቆ፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መቆየት ይኖርበታል።

ጊዜው ካለፈ በኋላ ካዝናው ይነቀላል። ፊትንና እጅን ጥይቱ ከሚወጣበት ቀዳዳ በማራቅ መሣሪያው ይከፈትና ጥይቱ ይወጣል። የሚወጣውን ጥይት በመዳፍ ለመቅለብ መሞከር በፍጹም አይገባም። ከዚያም መሣሪያው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ቱቦው መዘጋት አለመዘጋቱ በመወልወያ ዘንግ ይታያል። በአፈሙዝ በኩል ወደ ውስጥ ማየት የተከለከለ ነው።

የወጣው ጥይት ተመልሶ አይጎርስም። “አንዴ ደግሞ ልሞክረው” የሚለው ልማድ በብዙዎች ዘንድ አለ፤ በሥርዓት የሚመራ ክበብ ግን አይፈቅደውም። ጥይቱ ከጤነኞቹ ተለይቶ፣ ለዚሁ ብቻ በተዘጋጀና “የከሸፈ ጥይት” ተብሎ በተጻፈበት ዕቃ ይቀመጣል። ዕቃው ከፀሐይ፣ ከእሳትና ከሰው መተላለፊያ ይርቃል፤ ግጥም ብሎ የሚዘጋ ወፍራም ብረትም አይሆንም። አንዱ ጥይት ቢነሣ ጋዙ መውጫ አጥቶ ዕቃውን ራሱን ቦምብ ያደርገዋልና። በመጨረሻም ቁጥሩ ተመዝግቦ ለማስወገድ ሥልጣንና ሙያ ላለው አካል ይተላለፋል።

በጥበቃ ሠራተኛ እጅ ያለ ጥይት

በየበሩ የሚቆመው ጥበቃ ብዙ ጊዜ አይተኩስም። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ያው ጥይት ለዓመታት በየፈረቃው ይጎርሳል፤ ርክክብ ሲደረግ ይወጣል፤ እንደገና ይጎርሳል።

ይህ መደጋገም ሁለት ጉዳት አለው። በጎረሰ ቁጥር እርሳሱ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቀለሁ ውስጥ ሊገፋ ይችላል። ባሩዱ ያለበት ቦታ ሲጠብ፣ ጥይቱ በተተኮሰ ጊዜ ግፊቱ ከልኩ በላይ ይወጣል። በሌላ በኩል እንደ ክላሽንኮቭ ባሉ መሣሪያዎች መቺው መርፌ በሞላ ስላልተያዘ፣ ጥይት በጎረሰ ቁጥር ካፕሱሏን ነካ ያደርጋታል። አንድ ጊዜ መነካቷ አያሰጋም፤ ያንኑ ጥይት ደጋግሞ ማጉረስ ግን አይመከርም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሚጎርሰውን ጥይት ማቀያየር፣ እርሳሱ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ያጠረውን፣ የዛገውን፣ የተሰነጠቀውንና ካፕሱሏ የተጎዳችበትን ለይቶ ለአሠሪው ድርጅት በጽሑፍ ማስረከብ ነው። አሠሪው ድርጅትም በበኩሉ ለፖሊስ አስረክቦ ሊተካ ይገባል።

በቤት የቆየ ጥይት

በአማራ ክልልና በሌሎችም አካባቢዎች ውጅግራና ምንሽር ዛሬም ከቤተሰብ ቅርስ ይቆጠራሉ። ውጅግራ የፈረንሳይ የ19ኛው መቶ ዘመን ጠመንጃ ሲሆን ሲሠራ በጥቁር ባሩድ ለሚተኮስ ጥይት ነበር። ምንሽር ደግሞ ስሙን ያገኘው ከኦስትሪያው ማንሊከር ነው። ከእነዚህ ጋር የቆየ ጥይት ዕድሜው ከባለቤቱ ሊበልጥ ይችላል።

ጭስ አልባው ባሩድ ሲሠራ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ቅመም ይጨመርበታል። ቅመሙ በሙቀትና በዕድሜ ያልቃል። ካለቀ በኋላ ባሩዱ አሲድ ያወጣል፤ ከውስጥ ቀለሁን ይበላል፤ በብዛት የተከማቸ ከሆነም ራሱን በራሱ እስከ ማቀጣጠል ይደርሳል። በቀለሁ ላይ የሚታይ አረንጓዴ ዝገት፣ በአንገቱ ላይ ያለ ስንጥቅና የሚኮመጥጥ ሽታ ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ጥይት ለመተኮስ አይሞከርም።

ጥይት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በምድጃ አጠገብ ወይም በእርጥብ ወለል ላይ መቀመጥ የለበትም። ደረቅ፣ ቀዝቃዛና የተቆለፈ ቦታ ያሻዋል። እንዳይዝግ ተብሎ ቅባት መቀባቱም ስሕተት ነው፤ ቅባቱ ቀስ በቀስ ወደ ካፕሱሏ ይገባና ጥይቱን ያከሽፈዋል።

የማይደረጉ ነገሮች

የከሸፈ ጥይት በእሳት አይጣልም። ከመሣሪያ ውጭ የሚነሣ ጥይት እርሳሱን የሚመራ ቱቦ ስለሌለው ከመሣሪያ እንደ ወጣ ተኩስ ሩቅ አይሄድም። የሚፈነዳው ቀለሁ ነው፤ ስብርባሪውና ካፕሱሏ በየአቅጣጫው ይበተናሉ። ለዓይን ማጥፊያ ይህ ይበቃል። በእሳት ውስጥ ያለው የጎረሰ መሣሪያ ከሆነ ግን ጥይቱ እንደ ማንኛውም ተኩስ ይወጣል። ስለዚህ ቤት ሲቃጠል በውስጡ ጥይት መኖሩን ለእሳት አደጋ ሠራተኞች መንገር ሕይወት ያድናል።

በውኃ ወይም በዘይት መዘፍዘፍ አስተማማኝ አይደለም። የብዙዎቹ የወታደራዊ ጥይቶች ካፕሱልና አንገት እርጥበት እንዳይገባ በቀለም ታሽጓል፤ በክላሽንኮቭ ጥይት መቀመጫ ላይ የሚታየው ቀይ ክብ ለዚሁ ነው። ለቀናት በውኃ የቆየ ጥይት ሲደርቅ ሊተኩስ ይችላል።

በፒንሳ መንቀል፣ በመዶሻ መምታት፣ በግራይንደር መቁረጥ፣ ለቁልፍ መያዣ ጌጥ ለማድረግ መብሳት ሁሉ ጣትና ዓይን ያሳጣል። ለቁራሌው መስጠትም አደጋውን ለሌላ ሰው ማሸጋገር ነው። ቀለሁ ነሐስ በመሆኑ ዋጋ አለው፤ ነሐሱ የሚቀልጠው ግን በእሳት ነው።

በቆሻሻ መጣልም እንደዚሁ ነው። የአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ የሚሄደው ወደ ረጲ ነው። በዚያ ቆሻሻን አቃጥሎ ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራ ጣቢያ አለ፤ በእጃቸው ቆሻሻ የሚለዩ ሰዎችም አሉ። በመስቀል ፍላወር የተጣለ ጥይት መጨረሻው እሳት ወይም የሰው እጅ ይሆናል ማለት ነው።

ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ወደ ወንዝ መጣል ከዓይን ያርቅ እንጂ አያስወግድም። ከመሀል ከተማ የሚወርዱት ወንዞች ወደ አቃቂ ያመራሉ፤ በዚያ ውኃ አትክልት ይለማል። እርሳስ በጊዜ ብዛት የማይበሰብስ መርዝ ነው። አንድ ጥይት ወንዝ አይበክልም፤ ልማድ ሲሆን ግን ይጠራቀማል።

መሬቱና ከብቱ

ተኩስ በሚዘወተርበት ሜዳ ያለው እርሳስ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በተለያዩ ሀገራት በመለማመጃ ሜዳዎች ላይ የጋጡ ከብቶች በእርሳስ ተመርዘው ሞተዋል። ከብት የተበታተነውን እርሳስ ከሣሩና ከአፈሩ ጋር አብሮ ይውጠዋል።

የአፈሩ ዓይነትም ወሳኝ ነው። በአሲዳማ አፈር ላይ እርሳስ ይበልጥ ይሟሟል፤ ከዝናብ ውኃ ጋርም ይሄዳል። ለአሲዳማ መሬት ኖራ መጠቀም ለምዕራብ ጎጃምና ለአዊ አርሶ አደሮች እንግዳ ነገር አይደለም። በውጭ ሀገራት የተኩስ ክበቦችም ከዒላማው በስተጀርባ ያለውን የአፈር ክምር በኖራ ያክሙታል፤ እርሳሱንም በየጊዜው በማበጠር ይሰበስባሉ። ተኳሾችም ከልምምድ በኋላ እጃቸውን ሳይታጠቡ እንዳይበሉና ልብሳቸውን ከሕፃናት ልብስ ጋር እንዳያጥቡ ይመከራሉ።

ጥይት የሚመስል ሁሉ ጥይት አይደለም

እስካሁን የተባለው ለጠመንጃና ለሽጉጥ ጥይት ነው። ከጣት የወፈረ ተተኳሽ ሁሉ ሌላ ነው። የ23 ሚሊሜትር የአየር መቃወሚያ ተተኳሽ ሲያዩት ትልቅ ጥይት ይመስላል፤ ጫፉ ግን ፈንጂ ሊይዝ ይችላል። የእጅ ቦምብ፣ የሞርታርና የአርፒጂ ተተኳሾችም እንዲሁ ናቸው። ተተኩሰው ያልፈነዱ ከሆነ መነካት ብቻ ሊያስነሣቸው ይችላል።

በሰሜኑ ጦርነት የተነሣ በአማራ፣ በአፋርና በትግራይ ያልፈነዱ ተተኳሾች በእርሻና በግጦሽ መሬት ቀርተዋል። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም ተኩሱን ቢያስቆምም መሬት ውስጥ የቀረውን አላነሣም። አርሶ አደሩ ሲያርስ፣ እረኛው ሲጫወት ያገኘዋል። ሕጉ አንድ ነው፤ አይነካ፣ አይወረወር፣ በመጣበት ዱካ መመለስ፣ ከሩቅ በሚታይ ምልክት ማስጠንቀቅ፣ ለቀበሌና ለፖሊስ ማሳወቅ።

አዲስ አበባም ትምህርቷን የወሰደችው በከባድ ዋጋ ነው። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም፣ የደርግ መንግሥት በወደቀ በሳምንቱ፣ ከመስቀል ፍላወር በስተደቡብ በነፋስ ስልክ አካባቢ የነበረ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። በርካታ ሰዎች ሞቱ፤ ቤቶችም ወደሙ። የ1977ቱን ረኃብ ለዓለም ያሳየው የፊልም ባለሙያ መሐመድ አሚን ፍንዳታውን ሲቀርጽ በተከተለው ሌላ ፍንዳታ አንድ እጁን አጣ፤ ድምፅ ቀራጩ ጆን ማታይ ሕይወቱ አለፈ። እነርሱ የደረሱት ከመጀመሪያው ፍንዳታ በኋላ ነበር። ጥይትና ፈንጂ “አሁንስ አበቃ” ሲባል የሚጎዳበት ጊዜ አለ፤ ይህ ለመጋዘንም ለአንዲት ጥይትም ይሠራል።

ለማን ይሰጣል?

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና የጥይት ይዞታ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። በአዋጁ መሠረት መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የመቆጣጠሩ ኃላፊነት የፌዴራል ፖሊስ ነው። ሀገሪቱ የአነስተኛና ቀላል የጦር መሣሪያዎችን ቁጥጥር የሚመለከተውን የ1996ቱን የናይሮቢ ፕሮቶኮልም ፈርማለች።

ጥይት ያገኘ ወይም የከሸፈ ጥይት ያለው ሰው በኪሱ ይዞ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ጣቢያ መሄድ የለበትም። መንገድ ላይ ፍተሻ ቢያጋጥመው ማስረዳት ይቸግረዋል፤ በታክሲው ያሉትንም ለአደጋ ያጋልጣል። ትክክለኛው ጥይቱን ባለበት መተው፣ ልጆችን ማራቅና ለአቅራቢያው ፖሊስ ማሳወቅ ነው። በአዲስ አበባ በነጻ የስልክ መስመር 991 ፖሊስን፣ እሳት ከተነሣም በ939 የእሳትና አደጋ ሥጋት ኮሚሽንን ማግኘት ይቻላል። በሚነገርበት ጊዜ ብዛቱን፣ መጠኑን፣ የተገኘበትን ቦታና የዛገ ወይም የተሰነጠቀ መሆኑን መግለጽ ይረዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። የጠመንጃ ጥይት በብዛት የሚወገደው ስብርባሪውን ሊይዝ በሚችል ወፍራም የብረት ምድጃ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ በማቃጠል ሲሆን፣ ነሐሱና እርሳሱ ከቀዘቀዘ በኋላ ይለያል። ፈንጂ የያዙት ደግሞ ከሰው በራቀ ስፍራ እንዲፈነዱ ይደረጋል። ሁለቱም በቤት ጓሮ የሚሞከሩ አይደሉም።

ለባለ ጠመንጃው የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው፤ ሲከሽፍ አፈሙዙን ሳያዞሩ መጠበቅ፣ የወጣውን ጥይት ዳግመኛ አለማጉረስ፣ ለይቶ ማስቀመጥና ማስረከብ። ሕፃናት በዚያ ቤት ካሉ ደግሞ ማስረከቡ ለነገ የሚባል አይደለም።